ዕድሜ ሊለምን የመጣው ፍጡር፦ የ«ብሌድ ራነር» ፎርኬ ዲስክ

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር፣ ሐተታው ይከተላል። «ብሌድ ራነር» የተባለው የሳይንስ ልቦለድ ፊልም «ፋይናል ከት» (የመጨረሻው ቅጂ) በፎርኬ፣ ማለትም በጣም ጥርት ባለ ምስል የወጣበት ዲስክ ገንዘቡን ያወጣል። ፊልሙን ጭራሽ ያላያችሁ ካላችሁ በዚህ ጀምሩ። ድሮ በደከመ ካሴት አይታችሁት «ጨለማ ነው፣ ምንም አይገባም» ብላችሁ የተዋችሁትም እንደገና ሞክሩት።

ስለዚህ ፊልም የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያወራው መጨረሻ ላይ ስላለው የዝናብ ትዕይንት ነው። ጣሪያው፣ ርግቧ፣ የሚሞተው ሰው ንግግር። ጥሩ ነው፣ አልክድም። እኔ ግን ዲስኩን የገዛሁት ለሌላ ትዕይንት ነው። ሰው ሠራሹ ሮይ ባቲ የሠራውን ሰውዬ መኝታ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያናግርበት አለ። ፍጡር ከፈጣሪው ጋር ሲፋጠጥ በሳይንስ ልቦለድ ፊልም ብዙ ጊዜ አይተናል። እንደዚህኛው ጥርት ያለ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንዲገባችሁ ሥራዬን ልንገራችሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አንዳንዱ ስልክ ይሠራል። አንዳንዱን ደግሞ አምራቹ ራሱ ተመልሶ እንዳይሠራ አድርጎ ነው ያወጣው። ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፏል። ካሜራው ከቦርዱ ጋር በሶፍትዌር ተቆራኝቷል፣ ሌላ ሲገባለት እሺ አይልም። ደንበኛው ታዲያ የሚቆጣው እኔን ነው። አምራቹ ጋ መድረስ አይችልማ! ሮይ ባቲ ግን ደረሰ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩን ሳልደብቅ ነው የምጽፈው። ፊልሙ የወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 ነው፣ ማንም የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

ታሪኩ የሚካሄደው ኖቬምበር 2019 ላይ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው። ታይረል የሚባል ኩባንያ ሬፕሊካንት የተባሉ ሰው ሠራሽ ሰዎችን ያመርታል። ብረትና ሽቦ አይደሉም። ሥጋና ደም ናቸው፣ ሲያዩዋቸው ከሰው አይለዩም። ከምድር ውጭ ባሉ ሰፈሮች ለባርነት ሥራ ይላካሉ። ኔክሰስ 6 የሚባለው ሞዴል በጉልበት ከሰው ይበልጣል፣ በአእምሮ ደግሞ ከሠሪዎቹ አያንስም። እየቆዩ ሲሄዱ የራሳቸው ስሜት ያበቅላሉ ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ አራት ዓመት ብቻ እንዲኖሩ ተደረገ። ጥቂቶቹ አምልጠው ምድር መጡ። ሃሪሰን ፎርድ የሚጫወተው ዴካርድ እየፈለገ ሊገድላቸው ተልኳል።

የአምላጮቹ መሪ ሮይ ነው። ሩትገር ሃወር ነው የሚጫወተው። መጀመሪያ የምናየው ፊቱን አይደለም፣ እጁን ነው። ጣቶቹ ሳይፈልግ ይኮማተራሉ። በፊልሙ መዝገብ የተሠራው ጃንዋሪ 8፣ 2016 ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ የቀረው ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚፈልገውም ሥልጣን ወይም በቀል አይደለም። ዕድሜ ነው።

እና እንደማንኛውም ጉዳይ ያለው ሰው ከበር ወደ በር መንከራተት ይጀምራል። መጀመሪያ የሄደው ዓይን የሚሠራው ቹ ጋ ነው። ቹ በረዶ በጋገረው ላቦራቶሪ ውስጥ ወፍራም ፀጉራም ካፖርት ለብሶ ይሠራል። ሮይ ስለ ዕድሜ ይጠይቀዋል። መልሱ «እኔ ዓይን ብቻ ነው የምሠራው» ነው። በቃ። ሌላው አይመለከተውም። ሮይ ሳቅ እያለ በሠራህልኝ ዓይን ምን ምን እንዳየሁ ባወቅህ ይለዋል፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ከቅዝቃዜው ይልቅ እሱ ያስፈራል። ቹ ወደ ሴባስቲያን ይመራዋል።

ሴባስቲያን የዘረመል ንድፍ ሠሪ ነው። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፣ ግን ያለ ዕድሜው የሚያስረጅ በሽታ ስላለበት ሽማግሌ ይመስላል። የሚኖረው ሰው በለቀቀው ሕንፃ ውስጥ፣ ራሱ ከሠራቸው የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ጋር ነው። ደግ ሰው ነው። እሱም ዕድሜ መጨመር አይችልም። ግን ከታይረል ጋር ቼዝ ይጫወታል፣ ላይኛው ፎቅ የሚያስገባው ይኼ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያልፉት ነገር አለ፣ እኔም መጀመሪያ ስመለከተው አላስተዋልኩትም ነበር። ሬቸል የታይረል ጸሐፊ ናት። ሰው ነኝ ብላ ስታስብ ኖራ ሬፕሊካንት መሆኗን ትሰማለች። ዴካርድ ለምን ታይረልን ራሱን አታነጋግሪውም ሲላት፣ ሊያገኘኝ አልፈቀደም ትለዋለች። እዚያው ቢሮ የምትሠራ፣ በሥርዓቱ በፊት ለፊት በር የሄደች ሴት በሩ ተዘጋባት። ሮይ በቼዝ ዘዴ ገባ። ፊልሙ ይህንን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ብሎት ያልፋል።

አሁን ወደ መኝታ ቤቱ እንግባ።

ሌሊት ነው። ታይረል ነጭ ካባ ለብሶ ሰፊ አልጋው ላይ ነው። ዙሪያውን ሻማ በሻማ ነው። ምን እያደረገ መሰላችሁ? አክሲዮን እያሸጠ ነው። ቀደም ብሎ ለዴካርድ የኩባንያችን ዓላማ ንግድ ነው ብሎት ነበር፣ አልዋሸም። በዚህ መሐል ሴባስቲያን ከታች ሆኖ የቼዝ እርምጃ ይነግረዋል። እርምጃውን ሹክ የሚለው ሮይ ነው። ንግሥቱን አሳልፎ ይሰጣል፣ ታይረል በፈረስ ይበላታል፣ በሚቀጥለው እርምጃ ማት ነው። ቼዝ የምትወዱ ታውቁታላችሁ። በ1851 ለንደን ላይ አንደርሰን ኪዘሪትስኪን ያሸነፈበት፣ «የማይሞተው ጨዋታ» የሚባለው አጨራረስ ነው። ታይረል ይገረማል። የሰነፍ ተጫዋች ጓደኛው ድንገት እንዴት አንበሳ ሆነ? ና ውጣ ይለዋል።

ሮይ ከሴባስቲያን ጀርባ ይገባል። ታይረል አይደነግጥም። እንዲያውም ቀደም ብለህ ትመጣለህ ብዬ ነበር ይለዋል። ታይረልን የሚጫወተው ጆ ተርከል ነው። ድምፁ ለስለስ ያለ፣ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያክል። ዓይን በትዕዛዝ የሚያስመርት ሰውዬ ራሱ ያለዚያ መነጽር አያይም። ፊልሙ ይህንን ለማንም አያስረዳም፣ ዝም ብሎ ያሳየናል።

ሮይ የሚጀምረው በትሕትና ነው። ሠሪው የሠራውን ሊጠግን ይችላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ታይረል ማሻሻያ ነገር እንደሚፈልግ ይገምታል። ሮይ ከዚያ የከበደ ነው ይለዋል። ችግሩ ምንድን ነው? ሞት። ታይረልም ያ እንኳን ከኔ ሥልጣን ትንሽ ወጣ ያለ ነው ብሎ ይመልሳል።

እዚህ ላይ ሁሌም ዲስኩን አቆመዋለሁ። ቹ ዓይን ብቻ ነው የምሠራው አለ። ሴባስቲያን አልችልም አለ። የመጨረሻው ቢሮ፣ የኩባንያው ባለቤት፣ የኔክሰስ አባት፣ እሱም አይመለከተኝም አለ። ከዚያ በላይ የሚኬድበት ፎቅ የለም።

ሮይ ትዕግሥቱ ያልቃል፣ ዕድሜ እንዲጨምርለት ይጠይቃል። ከዚያ የሚመጣውን ነው የምወደው። መጮህ የለም፣ ጠመንጃ የለም። ሁለቱ እንደ ሙያ ጓደኛ ማውራት ይጀምራሉ። ሮይ አንድ መፍትሔ ያቀርባል። ታይረል ሞክረነዋል፣ ቫይረስ ፈጠረ፣ ሰውዬው ከጠረጴዛው ሳይነሳ ሞተ ይለዋል። ሮይ ሌላ ያቀርባል። እሱም አይሆንም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው ይለዋል። ሮይ ትምህርቱን አጥንቶ መጥቷል። የሚነገረውን ሁሉ ይገባዋል። ሃወር ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ ፊቱ ላይ ተስፋው ሲበራና ሲጠፋ ታያላችሁ።

ይህንን ከባለቤቴ አጎት ጋር ነው ያየሁት። ጋሼ አገር ቤት ሳሉ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ፊልም ላይ ብዙም አይደሉም። እዚህ ቦታ ላይ ግን ከሶፋው ቀና አሉ።

«አቁመው እስቲ። ያ የጠራው ኬሚካል እኮ እውነተኛ ነው።»

«የቱ ጋሼ?»

«ኤቲል ሜቴን ሰልፎኔት። የእህል ዘር ላይ ሚውቴሽን ለማምጣት ይጠቀሙበታል። ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። ቫይረስ ግን አይፈጥርም፣ እሱን ከየት እንዳመጡት እንጃ።»

«ለፊልም ብለው ነዋ።»

«ለፊልምስ ቢሆን! አንተ ልጅ፣ ግማሹን ካነበቡ ሙሉውን ቢያነቡት ምን ነበረበት?»

እሳቸው ሳይንሱ ላይ ቀሩ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ላይ። ሮይ እንዴት ይስተካከላል ብሎ ይጠይቃል እንጂ፣ መጀመሪያ ለምን አራት ዓመት አደረጋችሁት ብሎ አይጠይቅም! ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ የፖሊስ አለቃው ለዴካርድ በግልጽ ነግሮታል። አራቱ ዓመት ሆን ተብሎ የተጨመረ መከላከያ ነው። ታይረል ግን መኝታ ቤቱ ውስጥ ሲያወራ የተፈጥሮ ሕግ እያስረዳ ይመስላል። አንዴ የተጻፈ ኮድ አይቀየርም ይላል። ልክ ሊሆን ይችላል፣ አሁን አይቀየር ይሆናል። ማን ጻፈው ታዲያ? እዚያ ጥያቄ አጠገብ ሳይደርሱ ሁለቱም ወደ ኬሚካሉ ይገባሉ። እኔም ባንኮኒዬ ላይ ስንቴ እንዲህ አድርጌያለሁ። ሰው ባትሪው ለምን ተጣበቀ ሳይለኝ በፊት ማጣበቂያው በስንት ዲግሪ እንደሚለቅ ማስረዳት እጀምራለሁ። ቴክኒክ ማውራት ያረጋጋል፣ ለሚያወራው።

ከዚያ ታይረል ትልቁን ስህተት ይሠራል። ይህ ሁሉ ለወሬ ነው፣ እኛ በምንችለው መጠን አሳምረን ሠርተንሃል ይለዋል። ሮይ ለመቆየት ግን አይደለም ይላል። ታይረል ማሞገስ ይጀምራል። አልጋው ላይ ተቀምጦ ፀጉሩን እየደባበሰ፣ እጥፍ የሚያበራ ብርሃን ግማሽ ጊዜ ነው የሚቆየው፣ አንተ ደግሞ እንዴት አብርተሃል ይለዋል። የጠፋው ልጅ መጣ እንደማለት ያደርገዋል። ሮይ የሠራሁት መጥፎ ነገር አለ ሲለው ታይረል በቁም ነገር አይሰማውም። ጊዜህን ተደሰትበት ይለዋል።

እኔ ከሥራዬ የማውቀው ነገር አለ። «አይሠራም» ስትለው ደንበኛ ያዝናል እንጂ አይጠላህም። የሚጠላህ «አይሠራም፣ ግን እኮ ምርጥ ስልክ ነው» ስትለው ነው። ሮይ ታይረልን የገደለው ዕድሜ ስለከለከለው አይመስለኝም። ዕድሜውን ከልክሎት ሲያበቃ በራሱ ሥራ ስለተደሰተ ነው። ይስመዋል፣ ከንፈሩን። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ይይዛል፣ አውራ ጣቶቹ መነጽሩ ወዳለበት ይሄዳሉ። ሰው ሠራሿ ጉጉት ከማዶ ታያለች። ሴባስቲያን መሸሽ ይጀምራል።

ለልጅ የሚሆን አይደለም። ፋይናል ከቱ ላይ ደሙ በ1982 አሜሪካ ሲኒማ ከታየው ይበልጣል፤ ለውጭ አገር ተዘጋጅቶ የነበረውን ነው የመለሱት። ንግግሩም ላይ ለውጥ አለ። ሮይ ዕድሜ ሲጠይቅ በድሮው ስድብ ነበረች፣ እዚህ «አባት» ብሎ ነው የሚጠራው። ደግሞ ታይረል ከሞተ በኋላ ሮይ ለሴባስቲያን ይቅርታ ይለዋል፣ ያኛው ላይ ይኼ አልነበረም። እኔ የይቅርታዋን ነገር ወድጄዋለሁ። የሴባስቲያንን አሟሟት ግን አያሳዩንም፣ በኋላ በፖሊስ ሬዲዮ ነው የምንሰማው። ያንን ደግ ሰው እንዲህ በወሬ መሸኘታቸው አሁንም ያናድደኛል።

ስለ ቅጂዎቹ ብዙ ሰው ስለሚምታታበት ባጭሩ። የመጀመሪያው ሲኒማ የገባው በጁን 25፣ 1982 ነው። «ኢቲ» የተባለው ፊልም ከሁለት ሳምንት በፊት ወጥቶ አገሩን ይዞት ነበር፣ ሰው የሚፈልገው ቆንጆና ደግ የሆነ ባዕድ ፍጡር ነው። «ብሌድ ራነር» ገበያ አልቀናውም። ስቱዲዮው ታሪኩ አይገባም ብሎ የዴካርድን ትረካ ከላይ አስጨምሮበት ነበር። መጨረሻው ላይም አረንጓዴ ተራራ ለጥፎበታል፤ ያ ተራራ ዳይሬክተር ስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» ለሚባለው ፊልሙ ካስቀረጸው የተረፈ ነው። የ1992ቱ «ዳይሬክተርስ ከት» ሁለቱንም አስወገደ። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ሙሉ በሙሉ በፈለገው መንገድ የጨረሰው ግን የ2007ቱን ፋይናል ከት ብቻ ነው። ፎርኬ ዲስኩ ላይ ያለውም እሱ ነው። ዲስኩ የወጣው በ2017 ነው።

ስኮትና ጓደኞቹ ያጠቡት ቆሻሻ ብዙ ነው። የሚበሩት መኪኖች የተንጠለጠሉበት ገመድ ጠፍቷል። ከአምላጮቹ አንዷ የሆነችው ዞራ በመስታወት ውስጥ ሰንጥቃ ስትወድቅ በድሮው ለአደገኛው ትዕይንት የተካቻት ሴትዮ ፊት ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ተዋናይዋ ጆአና ካሲዲ ከሃያ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሳ ፊቷን አስቀረጸች፣ እሱን ገጠሙበት። እባብ ነጋዴው ጋ ደግሞ የፎርድ አፍና ድምፅ አይገናኙም ነበር፤ ከንፈሩን ለማስተካከል የተጠቀሙት የገዛ ልጁን ነው። የፖሊስ አለቃው የአምላጮቹን ቁጥር ሲናገር የነበረው የሒሳብ ስህተትም ታርሟል። እነዚህን ማን ያያቸዋል ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንደተበጠሰ ክር ነው፤ አንዴ ካየኸው ሁሌ ዓይንህ እዚያ ነው የሚሄደው።

ወደ ምስሉ ስንመጣ፣ አፍ ያስከፍታል። ፊልሙ በፊልም ጥቅል የተነሳ ነው፣ ኮምፒውተር የሠራው ከተማ የለበትም። የሚታየው ሕንፃና ጭስ በእጅ የተሠራ ሞዴል ነው፤ የልዩ ትዕይንቶቹ ክፍል በሰፊው 65 ሚሊሜትር ፊልም ነው የተቀረጸው። ስለዚህ ፎርኬ ላይ ሲሰፋ አይበተንም። የታይረል ፒራሚድ ላይ ያሉት መስኮቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ዋናው ልዩነት ግን ጨለማው ላይ ነው። ቀድሞ በነበረኝ ተራ ዲቪዲ የመኝታ ቤቱ ሻማዎች ቢጫ ጭቃ ነበሩ፣ ጀርባቸው ጥቁር። አሁን እያንዳንዷ ነበልባል ራሷን ችላ ትበራለች፣ የሮይ ፊት ከጥላው ቀስ ብሎ ሲወጣ ቆዳው ላይ ያለው ላብ ይታያል። የታይረል መነጽር ውስጥ ሻማዎቹ ሲንጸባረቁም አየሁ። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ያዘነብላል ብለው የሚያማርሩ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። እኔን አላስቸገረኝም።

ድምፁ ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። የቫንጌሊስ ሙዚቃ ክፍሉን ሞልቶ ይፈስሳል፣ ዝናቡ በጣሪያ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ንግግሩ ግን ይደበዝዛል። የኔ ሳውንድ ባር ርካሽ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ታይረል ሲያንሾካሹክ ድምፅ እጨምራለሁ፣ ከዚያ ሙዚቃው ሲመጣ ጎረቤት እንዳይቀሰቀስ እቀንሳለሁ። የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ከታች ብታበሩት ይሻላል። በአማርኛ የለውም።

ለሳጥኑ ማሸጊያ ምንም አላመሰግንም። ከኢንተርኔት ሻጭ ነው ያዘዝኩት፣ ጠርዙ ተጨፍልቆ፣ አንዱ ዲስክ ከቦታው ወጥቶ እየተንኳኳ ደረሰኝ። ደግነቱ አልተጫረም። አብሮ የመጣው «ዴንጀረስ ደይስ» የተባለ ዶክመንተሪ ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ እሱን ብቻ ለማየትም ይገዛል። እዚያ ላይ ነው አንድ የተተወ ሐሳብ የሰማሁት። በአንድ ወቅት ሮይ የሚገድለው ታይረል ራሱ ሬፕሊካንት እንዲሆን፣ እውነተኛው ታይረል ደግሞ ቀድሞ ሞቶ በበረዶ ተጠብቆ እንዲገኝ ታስቦ ነበር። ተመስገን አላደረጉትም። መኝታ ቤት ውስጥ አክሲዮን የሚሸጥ፣ የሚሞት ተራ ሰውዬ ነው ትዕይንቱን የተሸከመው።

የፊልሙን ድክመትም ልናገር። መሐሉ ይጎተታል። ዴካርድ ከሮይ ጋር ሲነጻጸር ባዶ ነው፣ ዋና ገጸ ባሕርይ ነው የተባለው እሱ መሆኑ ይገርማል። ሬቸልን በር ዘግቶ የሚገፋበት ትዕይንት ደግሞ ዛሬ ሲታይ ያሳፍራል። ሙዚቃው የፍቅር ነው፣ የሚታየው ግን ማስገደድ ነው። ጋሼ እዚያ ጋ ሻይ ሊያፈሉ ተነሱ። እኔም ማለፊያውን ተጫንኩ።

ስኮት ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ በ«ፕሮሚቲየስ» ይህንኑ ጥያቄ ገልብጦ ሞክሮታል። እዚያ ዕድሜ የሚለምነው የሮቦቱ ባለቤት የሆነው ባለጸጋ ሽማግሌ ነው፣ የሚለምነውም ሰውን ፈጠሩ የተባሉትን ግዙፍ ፍጡራን። ግዙፉ መልስ እንኳ አይሰጥም፣ የአስተርጓሚውን ሮቦት አንገት ይነቅላል። ሐሳቡ ግሩም ነበር፣ ፊልሙ ግን ተዝረከረከ። «ኤክስ ማኪና» የተባለው ፊልም ላይ ደግሞ ሰው ሠራሿ ኤቫ ከሠሪዋ ምንም አትለምንም። መውጣት ነው የምትፈልገው፣ ቢላ ይበቃታል። ሁለቱም ላይ የጎደለኝ ያ ንግግር ነው። ሮይ መጥቶ የጠየቀው፣ ታይረልም የመለሰለት፣ ሁለቱም የተሰማሙበት ሳይንስ፣ ከዚያ ያ መሳም።

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ፣ ወይም ፌርፋክስ ላይ ትንሿ ኢትዮጵያ ክትፎ ልትበሉ የምትመጡ እንግዶች፣ መሐል ከተማ ብሮድዌይና ሦስተኛ ጎዳና ላይ ያለውን ብራድበሪ ሕንፃን እዩት። የሴባስቲያን ቤት ሆኖ የተቀረጸው እሱ ነው። በ1893 የተሠራ ነው። መግቢያው በነጻ ነው፣ ምድር ቤቱንና የመጀመሪያዋን የደረጃ ማረፊያ ያህል ያስገባሉ፣ ከዚያ በላይ ቢሮዎች ስለሆኑ አይቻልም። ፊልሙ ውስጥ ውኃ የሚንጠባጠብበት፣ ቆሻሻ የሞላበት ሲኦል ነው። በእውኑ ከጣሪያው መስታወት ብርሃን የሚወርድበት፣ ቢጫ ጡብና ጥቁር የብረት አጥር ያለው ንጹሕ ሕንፃ ነው። ከታች ቆሜ ሽቦ አጥር የመሰለውን ሊፍት ሳይ ሮይ ደረጃውን ሲወጣ ለማሰብ ሞከርኩ፣ ዘበኛው ትክ ብሎ ስላየኝ ተውኩት። የታይረልን ሕንፃ ለማየት ግን አትድከሙ። ሞዴል ነበር።

ሃወር በጁላይ 2019 ነው ያረፈው፣ ሮይ በፊልሙ ውስጥ በሞተበት ዓመት። የመጨረሻውን ንግግር ከጽሑፉ ላይ ቆርጦ፣ ከራሱ ጨምሮ ያሳጠረው እሱ ነው። ለዝናቡ ትዕይንት የሚሰጠው ምስጋና ይገባዋል። ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ በሊፍት ብቻውን ሲወርድ ያለችውን ግን ልብ በሏት። ጥቂት ሰከንድ ናት። ከበላዩ ከዋክብት እየራቁ ይሄዳሉ፣ ፊቱ ላይ ያለው ፍርሃት ነው። እስከዚያ ድረስ የሚፈራው ሌላ ሰው ነበር።

ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ያገለገለ ዲስክ በርካሽ ይገኛል፣ የግድ አዲስ መሆን የለበትም። ሽፋኑ ላይ «ፋይናል ከት» የሚለውን አረጋግጡ። ፎርኬ ማጫወቻ ከሌላችሁ ለዚህ ብላችሁ ብቻ አትግዙ። የብሉሬዩ ቅጂ በዋጋ ያንሳል፣ በተራ ቴሌቪዥን ላይ ልዩነቱን ብዙም አታዩትም። ብቻ መብራቱን አጥፉና እዩት፤ ሳሎን መብራት በርቶ ከሆነ ሻማዎቹ ተመልሰው ቢጫ ጭቃ ይሆናሉ።